ካቡ ጋ በሦስት ሰዓት

አፀደ ሰው ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው ጫማውን ነው። ንቀት አይደለም፤ የሥራ አመል ነው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ዱሉዝ በምትባል ከተማ የተራራና የጫካ ዕቃ በፖስታ የሚሸጥ ኩባንያ መጋዘን አለ። እዚያ፣ ሰው ገዝቶ የመለሰው ዕቃ በሚፈተሽበት ክፍል፣ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ድንኳኑም፣ የጀርባ ቦርሳውም፣ የዝናብ ልብሱም ይመለሳል፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ጫማ ነው። ጫማውን ትገለብጥና ሶሉ ውስጥ የተሰገሰገውን ጭቃ በአውራ ጣቷ ፈልፈል አድርጋ ትፈርዳለች። ቀይ ከሆነ የዚሁ የጆርጂያ አፈር ነው። ጠጠር ከነከሰ ከወደ ምዕራብ የመጣ ነው። ምንም ከሌለው ደግሞ ባለቤቱ ከሶፋው አልተነሳም፤ የመመለሻው ወረቀት ላይ "ተራራ ላይ እግሬን ላጠኝ" ብሎ ቢጽፍም አፀደን አያታልላትም።

እንዲህ ያለችው ባለሙያ ሃምሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ አንድም ቀን የተራራ ጫማ አጥልቃ አታውቅም። መንገዷ ከምትኖርበት ከቻምብሊ ዱሉዝ፣ ከዱሉዝ ቻምብሊ፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል። ቤት ውስጥ የቀረው ባሏ ብርሃነመስቀል ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። ሃያ ዓመት በሰዓት ሲነዳ ስለኖረ ቤቱንም በሰዓት ካላስተዳደርኩ ይላል። "እራት በሰባት ሃያ" ብሎ ካወጀ፣ ሰባት ሃያ አምስት ላይ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የግድግዳውን ሰዓት ያያል፤ አይናገርም፣ ብቻ ያያል። ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው። አፀደ ግን ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ኖራም ጠዋቷ የሚጀምረው በአንድ ሰዓት ነው፣ ምሳዋም በስድስት። በዚህ ምክንያት በዚያ ቤት ውስጥ ቀጠሮ በተነሳ ቁጥር "ያንቺ ነው የኔ?" የሚባል ጥያቄ አለ። ሁለቱም ለምደውታል፤ ብዙ ጉዳትም አላደረሰም።

ታናሽ እህቷ ሐረገወይን የምትኖረው ስኮትላንድ ነው። በስደት መጀመሪያ ካርቱም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ነበሩ። የታላቅየዋ ጉዳይ በአሜሪካ፣ የታናሽየዋ በእንግሊዝ በኩል አለቀና መሃላቸው ባሕር ገባ። ሐረገወይን ከኤድንበራ በስተደቡብ፣ ድሮ የሱፍ ፋብሪካ በነበረባት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ በከተማዋ ያለችው አበሻ እሷ ብቻ ናት። ሁለቱ በአካል ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ቅዳሜ ቅዳሜ አፀደ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ስምንት ይሆናል፤ አንዷ ቁርሷን፣ ሌላዋ ምሳዋን እየበላች ይጨዋወታሉ።

ባለፈው መስከረም ሐረገወይን "ትንሽ ኦፕራሲዮን" አደረገች። ትንሹ ኦፕራሲዮን የግራ ሳንባዋን ግማሽ ቆርጦ ማውጣት እንደነበር አፀደ የሰማችው ከወር በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው። አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች፤ ከዚያ ማኩረፉም ሰለቻትና መጠየቅ ጀመረች። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ?" የኛ ሰው ጠግቦ ያደረውም፣ ሲያስለው ያደረውም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ከዚህ ሰላምታ ውስጥ እውነቱን ፈልፍሎ የሚያወጣ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም። በቪዲዮ ስትደውልላት ደግሞ ሊፕስቲኳን ተቀብታ ትቀርባለች። አፀደ ማወቅ የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ እህቴ ድናለች ወይስ አልዳነችም።

የካቲት ላይ ለሰኔ የሰባት ቀን ፈቃድ አወጣችና ትኬቷን ቆረጠች። ይህንንም ለሐረገወይን ነገረቻት።

"እንግዲያው ሆግ ሎው እንወጣለን" አለች ሐረገወይን።

"ምን እንወጣለን?"

"ሆግ ሎው። ከከተማው ኋላ ያለ ኮረብታ ነው። አንድ ቀን ሙሉ፣ አንቺና እኔ ብቻ።"

ብርሃነመስቀል ከሶፋው ላይ ጆሮውን ጣል አድርጎ ነበር። "ሎው? የምን ሕግ ነው? ጠበቃ ትፈልጋለች እንዴ?" አለ። ሕግ የሚባል ነገር በስልክ ሲመጣ እሱ ወረቀት ነው የሚታየው፤ በስደት የኖረ ሰው አይፈረድበትም። "ሆግ ደግሞ አሳማ አይደል? የአሳማ ሕግ ምን ይሁን ብላ ነው?"

ሐረገወይን ሰምታው ሳቀች። "እዚህ አገር ሎው ማለት ኮረብታ ነው በዪው። ሆጉም አሳማ አይደለም፤ ገና ያልተሸለተ ጠቦት ማለት ነው። ለክርስቲያን የሚሆን ኮረብታ ነው፣ አይስጋ።"

ከዚያ ስለ ኮረብታው ታወራ ጀመር። ላዩ ሣር ብቻ ነው። ዛፍ የለው፣ ሱቅ የለው፣ ሰው የለው፤ ቅዳሜ እንኳ ሁለት ሰው ካየሽ ተጨናንቋል ማለት ነው። አውቶቡሱ እርሻው በር ላይ ያወርድሻል። ከበሩ ተነስተሽ ጅረቱን ትሻገሪያለሽ፤ ከጅረቱ ሽቅብ ስትዪ ከጥንት ጀምሮ በጎች እንዳያልፉ የተካበ የድንጋይ ካብ አለ፤ ከካቡ በላይ እስከ ጫፉ ሣር ነው።

"ወጥተሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት አፀደ።

"ከመስኮቴ ነው የማየው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አየሁት። መስከረም ላይ ተኝቼም እሱኑ ነበር የማየው። ብቻዬን ጫፉ ላይ ቆሜ ምን እሠራለሁ? ካንቺ ጋር ነው የምፈልገው።"

አፀደ ያን ዕለት ስልኩን ዘግታ ብዙ አሰበች። ሰው ወረቀት ላይ የፈለገውን ይጽፋል፤ በአፉም ደህና ነኝ ይላል። ኮረብታ ላይ ግን ሳንባ አይዋሽም። እህቷ ምን ያህል እንደምትሄድ ካወቀች፣ ምን ያህል እንደዳነች ታውቃለች። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትእዛዝ አስተላለፈች። ሐረገወይን በየሳምንቱ ሐሙስ ትወጣለች፣ የደረሰችበትን ትናገራለች፣ ዕቅዱም በዚያ መሠረት ይወጣል። ታላቅ እህት ናትና ጥያቄ አልቀረበባትም።

ጫማውንም ራሷ መረጠች። እዚህ ላይ አፀደን የሚያህል አልነበረም። ሰው ጫማ ሲገዛ የሚያየው ማስታወቂያውን ነው፤ እሷ የምታውቀው ግን ምን ምን እንደሚመለስ ነው። "ውሃ አያስገባም" የሚለው በሳምንት ሠላሳ ጥንድ ይመለሳል። ቀዩ ክር ያለበት ተረከዙ ይላቀቃል። አንድ ቡናማ ጫማ አለ፣ መልኩ የማያምር፣ ማንም ስሙን የማያነሳው፤ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እጇ የገባው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ጥንድ ገዛችና አንዱን ወደ ስኮትላንድ ላከች።

"መልኩን ምን ነካው?" አለች ሐረገወይን ሲደርሳት።

"መልኩን ለበጎቹ ተዪው። ሣሩ ግን ለስላሳ ነው አይደል?" አፀደ ሣር ሲባል የሚታያት ቻምብሊ ደጃቸው ላይ ብርሃነመስቀል በየሳምንቱ የሚያጭደው ነው።

"ከላይ ሣር ነው። ከሥሩ ውሃ ነው። ረግጠሽ ነው የምታውቂው።"

ሐሙሶቹ ተጀመሩ። ኮረብታው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ሐረገወይን ቤቷ ገብታ፣ ተጣጥባና አርፋ ነው የድምፅ መልእክቷን የምትልከው። የመጀመሪያው የመጣው ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄድኩ። ካቡ ጋ በአራት ሰዓት ደረስኩ። ይኸው ነው።"

አፀደ ወዲያው መለሰች። "ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ።"

በሳምንቱ ደግሞ "ዛሬ በሦስት ሰዓት ተኩል ደረስኩ" አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ብሏል። በሦስተኛው ሐሙስ ጭራሽ እየሳቀች ነበር። "እታለም፣ ዛሬ ካቡ ጋ በሦስት ሰዓት።"

ያን ዕለት ብርሃነመስቀል ከሥራ ሲገባ አፀደ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ያዘችው። በሁለት ሰዓት ከበሩ ተነስታ በሦስት ሰዓት ካቡ ጋ፤ አንድ ሰዓት። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ፈጅቶባት ነበር። ብርሃነመስቀል ካርታውን በስልኩ ከፍቶ ርቀቱን ለካው፤ ማይል ተኩል ይሆናል፣ ያውም ዳገት።

"በአንድ ሰዓት?" አለ። "ግማሽ ሳንባ ያላት ሴት? እንግዲያው እኛ ሁለታችንም ሙሉውን ይዘን ምን እየሠራን ነው?"

አፀደ ለማርያም ተስላ ነበር። እህቴ ትዳን እንጂ ጥላ አስገባለሁ ብላ መስከረም ላይ የተሳለችውን፣ ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ፣ በዚያው እሑድ ወስዳ አስገባች። ሴቶቹ እልል አሉ። "እህቴ ዳነችልኝ" እያለች ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ተናገረች፤ ሰኞ ሥራ ቦታም የክፍሏ አለቃ ለሆነችው ለምኞት ነገረቻት። ምኞት ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ሕፃን ሆና መጥታ አማርኛዋን ግማሽ መንገድ ላይ የጣለች። "ኦ ማይ ጋድ፣ አፀድዬ፣ ሶ ሃፒ ፎር ዩ" አለቻትና አቀፈቻት።

አሁን አሳሳቢዋ አፀደ ራሷ ሆነች። በአንድ ሰዓት ካብ ጋ የሚደርስ ሰው ኋላ እያለከለኩ መከተል ደግሞ ታላቅነትን ያዋርዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስልኩ በኋላ ስቶን ማውንቴን ወደሚባለው በቅርባቸው ወዳለ የድንጋይ ተራራ ትሄድ ጀመር። ብርሃነመስቀል ያደርሳትና መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ሰዓቱንም ይይዛል። የመጀመሪያው ቀን መሃል ላይ ያሉት ድንጋዮች ጋ ስትደርስ ምርኩዝ የያዙ አሮጊቶች አልፈዋት ሄዱ። ቢሆንም ወጣች። ወርዳ መኪናው ውስጥ ስትገባ "ሃምሳ ሁለት ደቂቃ" አላት።

"ደህና ነኝ ወይ ብለህ መጠየቅ የለም?"

"ደህና ባትሆኚ በሃምሳ ሁለት ደቂቃ አትገቢም ነበር።"

ስንቁም ታሰበበት። ወሩ የሰኔ ጾም ነው፤ ስለዚህ በሶና ቆሎ፣ በሱፍ የራሰ ፍትፍትም በዕቃ ይያዛል ተባለ። ሐረገወይን ንስሐ አባቷ ስለ ሕመሟ ከጾም እንደፈቱዋት ተናግራ ነበር፤ አፀደ ግን ለስንቅ ሲሆን አንድ ዓይነት ይሻላል ብላ ወሰነች። ዝናብ ልብሱም ተገዛ። ፊሽካም ተገዛ፤ ሰው በሌለበት ቦታ እግር ወለም ቢል ስድስቴ ይነፋል ብሎ ብርሃነመስቀል አንብቦ ነበር። ሳሎን ውስጥ ነፍቶ ሞከረውና የጎረቤት ውሻ ሁሉ ተነሳ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ብርሃነመስቀል ማስመሪያውን ይዞ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ለኮረብታው የጊዜ ሰሌዳ ሊያወጣለት ነው። ሃያ ዓመት ሰው ያወጣለትን ሰሌዳ ሲነዳ የኖረ ሰው አሁን የራሱን ሊያወጣ ነውና ደስታው ልክ አልነበረውም። ፌርማታ ብሎ ጀመረ። የእርሻው በር፣ መነሻ 8:00። ጅረት 8:20። ካብ 9:00፣ የአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት። ጫፍ 10:45። ምሳ እስከ 11:30። በር፣ መድረሻ 1:10። ከታች "ሰሌዳው በአየር ጠባይ ምክንያት ሊለወጥ ይችላል" ብሎ ጨመረበት። አፀደ በትከሻው ላይ አጎንብሳ ስታየው ወደደችው፤ ይህን አንድም ቀን ባትነግረውም፣ ጽሑፉ እንዴት እንደሚያምር ሁልጊዜ ይገርማታል። ፎቶ አንስታ ላከችው።

ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግሥቱ ቅዳሜ ስትደውል ሐረገወይን ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

"ይሄ የማን እግር ነው?"

"ምኑ?"

"ብርሃነመስቀል የጻፈው። ካቡ ጋ ዘጠኝ ይላል፤ በፈረንጅ መሆኑ ነው አይደል? ከስምንት እስከ ዘጠኝ። ማን ነው ካቡ ጋ በአንድ ሰዓት የሚደርሰው?"

"አንቺ ነሻ" አለች አፀደ። "በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄጄ በሦስት ሰዓት ደረስኩ አላልሽኝም?"

ሐረገወይን ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ብዙ ቆየ። አፀደ ይህን ሳል በስልክ ሰምታው አታውቅም ነበር።

"እታለም" አለች ሲተዋት፣ ቀስ ብላ። "ሦስት ሰዓት እኮ ነው የፈጀብኝ።"

አፀደ በልቧ ደገመችው። በአራት ሰዓት፣ በሦስት ሰዓት ተኩል፣ በሦስት ሰዓት። ሳምንታት ሙሉ በጆሮዋ ይዛው የከረመችው ሁሉ አንድ በአንድ ተገለበጠ። ማይል ተኩል፣ አራት ሰዓት። ጥላው፣ እልልታው፣ ለምኞት የነገረችው ታወሳትና በሰው ፊት የዋሸች ያህል አፈረች።

"አሥር እርምጃ እሄድና እቀመጣለሁ" አለች ሐረገወይን። "አሥራ አምስት አልሞላም። በጎቹ ለምደውኛል፤ እንኳን ሊሸሹ፣ ቀና ብለውም አያዩኝም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩሽ እኮ። እኔማ የነገርኩሽ መስሎኝ ነው የኖርኩት። የመጀመሪያው ቀን አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በቃ አልችልም፣ እህቴም ትወቀው ብዬ ነው ያን መልእክት የላክሁት። አንቺ ምን አልሽኝ? 'ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ።' አራት ሰዓት ለተጎተተ ሰው አንበሳ የምትል እህት ካለችኝ ብዬ በሳምንቱ ደግሜ ወጣሁ። እንደሱ ባትዪኝ አልወጣም ነበር።"

አፀደ አለቀሰች፤ አፏን በመዳፏ አፍና ነበር፣ ግን ስልክ ይሰማል። ብርሃነመስቀል ጋዜጣውን አጠፈና ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ሐረግዬ" አለች። "እግዚአብሔርን እናመስግን፣ እሱን ሁለታችንም እናውቃለን። ደህና ነኝ ግን እንዳትዪኝ። ሐኪሙ ምን አለሽ?"

ከዚያች ሰዓት በፊት እንዲህ ጠይቃት አታውቅም፤ ሐረገወይንም እንዲህ መልሳላት አታውቅም።

"ሚያዝያ ላይ በቀኙም ትንሽ አለ አሉኝ። ክኒን ሰጡኝ። ይይዘዋል ብለዋል። ያጠፋዋል አላሉም። ይኸው ነው እታለም፣ የደበቅሁሽ አንድም የቀረ የለም።"

አፀደ ለወራት ስትፈልገው የነበረውን አወቀች። አልዳነችም። እንዲህ ባወቀች ጊዜ የምትወድቅ መስሏት ነበር። ይልቅ ደንዳና ነገር መጣባት፤ መጋዘን ውስጥ ብዙ ካርቶን ሲቆለል የሚመጣባት ዓይነት፣ እጅጌዋን የሚያስሰበስባት።

"አንቺ እኔን ስትጠብቂ ቀንሽ እንዳያልቅ" አለች ሐረገወይን። "ካቡ ሥር ለነፋሱ ከለላ የሚሆን ቦታ አለ። እኔ እዚያ እቀመጣለሁ። አንቺ ጫፉን አይተሽ ነይና ትነግሪኛለሽ። ያለሽ ሰባት ቀን ነው፣ ለኔ ስትዪ አታባክኚው።"

"ካቡ ሥር የሚቀር ሰው የለም" አለች አፀደ። ቁጣ ነበረበት። "አሥራ ሰባት ዓመት በመስኮት ያየሽው እኔ ብቻዬን ልወጣልሽ ነው? አብረን ነው የምንወጣው፣ ወይም ሁለታችንም አንወጣም። አንድም ሐሙስ እንዳትዘልዪ። ሌላውን ለኔ ተዪው።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አፀደ የሰማችውን ሁሉ ለብርሃነመስቀል ነገረችው።

"ስለቱን ቸኩዬ አስገባሁ" አለች አፀደ በመጨረሻ።

"እንግዲህ ሪተርን አይደረግ ነገር" አለ ብርሃነመስቀል። እንዳልሳቀች ሲያይ እጁን እጇ ላይ አደረገ። "ተዪው እዚያው ይቆይ። ማርያም ቅድሚያ ተከፈለኝ ብላ አትቀየምም።"

ያን ያምር የነበረውን ሰሌዳ ቀደደውና አዲስ ወረቀት አወጣ። ጥያቄዎቹን እየጠየቀ አሰመረ። ሰኔ ላይ እዚያ የሚመሸው ስንት ሰዓት ነው? አራት ሰዓት። "ያንቺ ነው የኔ?" የኔ፤ የማታው አራት፤ ያንተ አሥር። ብርሃነመስቀል ቅንድቡን ሰቀለ። እንግዲያው ብርሃን ሞልቷል። በር መነሻ 8:00፣ ካብ 11:00፣ ከዚያ ወደ ጫፍ አምስት ሰዓት፣ መውረጃ አራት። በድምሩ አሥራ ሁለት ሰዓት። ቀኑ ይበቃል፤ የማይበቃው ሐረገወይን ናት። አሁን ካቡ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ አልቆ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለአምስት ሰዓት የሚሆን አቅም የላትም።

"በሳምንት ስንት ትቀንሳለች?" አለ።

"ግማሽ ሰዓት።"

ብርሃነመስቀል እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ አሰበ። ሹፌር ነውና ከሰሌዳ የዘገየን አውቶቡስ በመጮህ እንደማይፈጠን ያውቃል፤ የሚደረገው ጊዜ መጨመር ነው። ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ሳምንት አንድ፣ ጅረቱ ድረስ በየቀኑ ብሎ ጻፈ። ሳምንት ሁለት፣ ካቡ። ሳምንት ሦስት፣ ከካቡ በላይ መቶ እርምጃ። እንዲህ እያለ ሲወርድ ስድስተኛው ሳምንት ላይ "ጫፍ" ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለቴ አሰመረበት። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

"እኔ ለራሴ አበስላለሁ" አለ። "ሩዝ እችላለሁ።"

ሰኞ ጠዋት አፀደ የፈቃዱን ቅጽ ይዛ ምኞት ቢሮ ገባች። ልጅቱ ኮምፒውተሯ ላይ ሆና ተቀበለቻትና አንብባ ቆመች።

"ዌይት፣ አፀድዬ፣ ስድስት ሳምንት? ሰባት ቀን አፕሩቭ አድርጌልሽ ነበር እኮ።"

"እሱን አጥፊው። አዲሱን ያዢ።"

"ላይክ፣ ያለ ደመወዝ ነው የሚሆነው። ሪተርን ላይ ያለሽን ቦታ ደግሞ ሆልድ ላደርግልሽ አልችልም። ስትመጪ ማሸጊያ ሊያስገቡሽ ይችላሉ፤ ሌሊት ሺፍት ሊሆን ይችላል። ዩ ኖው ዛት፣ ራይት?"

አፀደ በመስታወቱ ወዲያ ጠረጴዛዋን አየችው። የጠዋቱ ጫማ ተራግፎ ተቆልሏል። አሥራ አራት ዓመት የቆመችበት ምንጣፍ በሁለት እግሯ ልክ ተበልቷል። ትወደዋለች፤ ይህንንም ደብቃ አታውቅም።

"አውቃለሁ" አለች።

ምኞት ቅጹን እንደገና አየችው። "ባት የአንድ ቀን ሃይክ ነው ያልሽኝ።"

"የአንድ ቀን ነው።"

"ኮረብታው ያን ያህል ትልቅ ነው?"

"አይደለም። ከስቶን ማውንቴን ብዙም አይበልጥ" አለች አፀደ፤ ብዕሩን ከልጅቱ እጅ ተቀብላ ፈረመች። "በእህቴ እግር ስለምንወጣ ነው።"